እማዬ «አይዞህ» ያለችኝ ቅዳሜ

ለንደን እየኖርኩ የለንደኑን ቡድኔን ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ማየት አልችልም። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ግን በዲኤስቲቪ ዘና ብሎ ያያል። እንግሊዞች ቅዳሜ ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አያሳዩም። ሰው ስታዲየም ይግባ ብለው ነው። የትኬቱን ዋጋ ማን በነገራቸው!

የቀረኝ የዕለቱን ጨዋታዎች ሃይላይት (ጎሎቹንና ዋና ዋናዎቹን ቅንጭቦች) የሚያሳየው የቢቢሲው «ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ነው። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል። ድሮ ሰዉ ጎል የሚያየው እዚያ ነበር። ዜና አንባቢው እንኳ «ውጤቱን ማወቅ የማትፈልጉ ፊታችሁን አዙሩ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ስልክ እንዲህ ያለ ጨዋነት የለውም። ጎሉ ገና ከመግባቱ ቴሌግራም ላይ ነው። ቢቢሲም እጁን ሰጥቶ መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ሃይላይቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በኢንተርኔት ይለቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን «እንደ ድሮው አያለሁ» ብዬ ቆረጥኩ። ስልኬን አጥፍቼ መሶብ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ እንጀራ ልታወጣ ከፈተችው። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየች። ምንም ሳትል መልሳ ከደነችው።

11 ሰዓት ተኩል ላይ የእሷ ስልክ ጮኸ። እማዬ ናት።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለችኝ፣ ገና ሄሎ ሳልል። «ያልፋል። ጠንከር በል።» ከኋላዋ ወንድሜ ይጮሃል።

እማዬ ኮርነርን ከፔናሊቲ አትለይም። እሷ እንኳ ካዘነችልኝ 4 ለ 0 ቢሆን ነው። «በቃ እማዬ፣ ገባኝ» ብዬ ዘጋሁት። ፕሮግራሙ ራሱ ገድ የለውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1964 ሲጀመር ያሳየው የመጀመሪያ ጨዋታ ሊቨርፑል እኛን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ነው። (አዎ፣ አርሰናል ነኝ። አትሳቁ።)

ማታ የፕሮግራሙ ሙዚቃ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተኛሁ።

ጠዋት ስልኬን ከመሶብ አወጣሁት። እንጀራ እንጀራ ይሸታል። ስከፍተው 143 መልእክት ተንጫጫ። ልብ፣ እሳት፣ ጭፈራ። አሸንፈናል! ወንድሜ ሲጮህ የነበረው በደስታ ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። «ታዲያ ትናንት አይዞህ ያልሽኝ ምን ሆኜ ነው?»

«ብርዱን ነዋ! ለንደን በረዶ ጣለ ሲሉ ሰምቼ። አንተ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ።»

ጎሎቹን ወደ ቤተክርስቲያን ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ በስልክ ከፈትኳቸው። 40 ሰከንድ ነው። ቪዲዮው በቁመት ስለተቆረጠ በረኛው የለም፣ ካግቢውም የሚታየው ግማሹ ነው። ኳሷ መረቡን ልትነካ ስትል ስክሪኑ ጠፍቶ የእማዬ ፎቶ መጣ።

«ሹራብ ደርበሃል?»