ቴላዮው ከመበየዱ በፊት

ለሩቅ ጉዞ የሚሆን ብስክሌት ቴላዮው፣ ማለትም አጽሙ፣ በልክ ሲሠራ ወሬው ሁሉ ስለ እግርና ስለ ክንድ ርዝመት ይሆናል። እኔ ግን ከጭነቱና ከመንገዱ ቢጀመር እመርጣለሁ። ጭነቱ 25 ኪሎ፣ መንገዱ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ነው እንበል። ያኔ ብስክሌቱን የሚወስነው ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ዳገት።

ዳገቱን ማርሽ ይፈታዋል። ፊት 22 ጥርስ፣ ኋላ 34 ጥርስ፣ ጎማው ባለ 26 ኢንች ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 1.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀርፋፋ ነው፤ ጉልበትን ግን አይጎዳም። የፊቱ ትንሹ ጥርስ 30 ቢሆን ለዚያው ዳገት ፔዳሉን ከሲሶ በላይ ጨምሮ መርገጥ ይጠይቃል።

በቁልቁለቱ ላይ ቸርኬውን፣ ማለትም የጎማውን የብረት ክብ፣ የሚነክስ ፍሬን ሙቀቱን አየር ለሚይዘው ለውስጠኛው ካላማዳሪያ ያሳልፋል። የተለጠፈው ጥገና ማስቲሹ ይላላል፣ አየሩ ይሰፋል፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በካቦ የሚሳብ ዲስክ ፍሬን ይሻላል፤ የዲስኩ ስፋት ፊት 180፣ ኋላ 160 ሚሊ ሜትር። የኋላው ፍሬን በቴላዮው የላይኛና የታችኛ የኋላ ቱቦዎች መካከል እንዲገባ ለሠሪው አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ውጭ ከቀረ ሻንጣ ከሚጫንበት ከፖርታመጋላው እግር ጋር ይጋጫል። ዲስክ ቢሆንም ሲወርዱ ፍሬኑን ሳይለቁ መጎተት አይገባም፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅና ንፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

ሰው ለቴላዮው ቀለም የሚጨነቀውን ያህል ለኋላው ጎማ ቢጨነቅ ደስ ይለኝ ነበር። ጉዞ የሚያቋርጠው እሱ ነው። በማርሹ በኩል ያሉት ሽቦዎች ተወጥረው በግራ በኩል ያሉት ላላ ይላሉ። ጎማው በዞረ ቁጥር ሽቦው ይላላል፣ መልሶ ይወጠራል፤ በመጨረሻ በጎማው መሃል ባለው ሞዞ ጋ ከታጠፈበት ቦታ ይበጠሳል። መፍትሔው 36 ሽቦ ነው፤ ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ፣ መሃሉ 1.8 ሚሊ የሆነ። መሃሉ ስለሚለጠጥ እጥፋቱ ጋ ያለውን ጫና ይቀንሳል። የቀኝና የግራው ርዝመት ስለሚለያይ መለዋወጫው ከሁለቱም ይያዝ። በቀኝ በኩል ያለው ሲበጠስ የኋላ ጥርሶቹ ካልወለቁ አይገባም፤ መፍቻው ከሌለ ሽቦው ብቻውን ዋጋ የለውም።

የቴላዮው የታችኛው የኋላ ቱቦ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኋላው ሞዞ 450 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ተረከዝ ሻንጣውን አይመታም። ከጭነቱ 40 በመቶ ያህሉ ፊት፣ ዝቅ ብሎ በፊቱ ሞዞ አጠገብ ይታሰር፤ ሁሉም ኋላ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ማኑብሪዮው (መሪው) ይንቀጠቀጣል።

ፖርታመጋላው የሚታሰርበት የታችኛው ቀዳዳ ለ5 ሚሊ ሳይሆን ለ6 ሚሊ ቡሎን ይሠራ። ጠብቆ የታሰረ ቡሎን ጭነቱን የሚይዘው ብረቱን ከብረት አጣብቆ ነው፤ ከላላ ግን በየጉድጓዱ እየታጠፈ ጥርሱ ላይ ይሰበራል። ከውስጥ በኩል ዳዶ ይጨመርለት፤ በቀኝ በኩል ግን የቡሎኑ ጫፍ ሰንሰለቱን እንዳይነካ ትንሹ ማርሽ ላይ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ከሁለቱም ወገን ክፍት ከሆነ የተሰበረውን ቁራጭ ከኋላ ይዞ ማውጣት ይቻላል።