ፕሮባቢሊቲ ሳስተምር ራሴ የተማርኩት

ለ8ኛ ክፍል ልጆች ፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን ማስላት) ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተምር ፎርሙላውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ የምንፈልገው ውጤት ብዛት ሲካፈል ለጠቅላላው ውጤት ብዛት፣ ሁለት ሦስት ምሳሌ ሠራሁ፣ ክላስወርክ ሰጠሁ፣ ሁሉም አገኙት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ 2 ሳንቲም አብረን ብንወረውር አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ 1/3 አለኝ።

ለምን ስላቸው ሁለቱም ዘውድ፣ ሁለቱም ጎፈር፣ ወይ የተቀላቀለ፣ በቃ ያለው 3 ነገር ነው አሉ። ፎርሙላውን እኮ በትክክል ነው የተጠቀሙት፣ የተሳሳቱት ምን እንደሚቆጠር ላይ ነው፣ እሱን ደሞ እኔ አላስተማርኳቸውም። (ዳላምበር የሚባለው ትልቁ የፈረንሳይ የሂሳብ ሊቅ ራሱ በ1754 እ.ኤ.አ. ሳንቲም 2 ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣቱን ዕድል 3/4 በማለት ፈንታ 2/3 ነው ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ልጆቹ ላይ መሳቅ አይቻልም።)

አይ፣ ሊመጣ የሚችለው ውጤት 4 ነው ብላቸው ይጽፉታል፣ ግን አያምኑትም። ስለዚህ አንዱን ሳንቲም በቀይ ማርከር ቀባሁት። አሁን ቀዩ ዘውድ ሌላው ጎፈር፣ ወይ ቀዩ ጎፈር ሌላው ዘውድ፣ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑ ታያቸው፣ ስለዚህ ከ4ቱ 2ቱ የተቀላቀለ ነው፣ ዕድሉም ግማሽ። አንዱ ልጅ ግን «እሺ ቲቸር፣ ባይቀባ ግን ያው 3 ነው አይደል?» ሲል እኔ መልስ እያሰብኩ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ሳንቲሙ መቀባቱን አያውቅማ!» አለችው። ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺን አባባል በየዓመቱ እየሰረቅኳት ነው።

ከዛ 48ቱን ልጆች ጥንድ ጥንድ አድርጌ እያንዳንዱ ጥንድ 20 ጊዜ እንዲወረውር አደረኩ፣ ግን ከመወርወራቸው በፊት ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ በእስክሪብቶ ነው ታዲያ፣ በእርሳስ ከሆነ አጥፍተው «እኔ ድሮም ግማሽ ነው ብያለሁ» ይሉሃል። ከ20ው የተቀላቀለ 6 ብቻ ያገኙ ጥንዶች ሳንቲማችን ችግር አለበት ብለው ተነሱ፣ የሁሉንም 480 ውርወራ ሰሌዳ ላይ ስንደምር ግን የተቀላቀለው ግማሽ አካባቢ ሆነ። ያኔ ዝም አሉ።

ስህተቴ የመጣው የቤት ሥራው ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሳንቲም 100 ጊዜ ወርውሮ ውጤቱን በተራ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝኩ። ሰነፍ ልጅ ሳይወረውር ከጭንቅላቱ ሲጽፍ ዘ ጎ ዘ ጎ ጎ ዘ ጎ እያለ ያፈራርቃል፣ ዘውድ 4 ጊዜ ከደጋገመ «በዛ» ብሎ ወደ ጎፈር ይሄዳል። በእውነተኛ 100 ውርወራ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ፊት ቢያንስ 5 ጊዜ በተከታታይ የመምጣቱ ዕድል 97% አካባቢ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን እያየሁ 5 ተከታታይ የሌለበትን ለየሁና «እናንተ አልወረወራችሁም» አልኳቸው። ሁሉም ሳቁ፣ እንዴት አወቅክ ብለው ተገረሙ፣ እኔም ጠንቋይ የሆንኩ መሰለኝ። አንዱ ልጅ ግን አልሳቀም። «ወርውሬያለሁ ቲቸር» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እኔ ደሞ አላመንኩትም።

ማታ ሳስበው ነው የደነገጥኩት። 97% ማለት 3% ይቀራል ማለት እኮ ነው፣ 48 ልጆች ሁሉም በሐቅ ቢወረውሩ እንኳን አንድ ወይ ሁለቱ ጋር 5 ተከታታይ ላይኖር ይችላል። ላንድ ሰው ብርቅ የሆነ ነገር ብዙ ሰው ሲሆን ላንዱ ይደርሰዋል፣ ሳንቲማችን ችግር አለበት ላሉት ልጆች ያን ቀን ያስረዳሁትም ይሄንኑ ነበር።

በነጋታው ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ማርኩን ሰጠሁት፣ ስሌቱንም ሰሌዳ ላይ ሠራሁላቸው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ቲቸር፣ ታዲያ ሳይወረውር 5 ዘውድ አከታትሎ የጻፈ ልጅስ አልፏል ማለት ነው?» አለኝ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ደፉ።