መርዶዬን የነገረችኝ ፈረንጅ ናት

ሰሞኑን የሥራ ባልደረቦቼ ወሬ ሁሉ አንድ ዘጋቢ ፊልም ሆኗል። የኮሜዲያኑን የፖል ሩበንስን የግል ሕይወት የሚያሳይ ነው። አገር ቤት ብዙም አይታወቅም። አሜሪካ ውስጥ ግን በፈረንጆቹ 80ዎቹ ልጅ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ጥብቅ ያለች ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ፓፒዮን አድርጎ፣ ፒ-ዊ ኸርማን የሚባል ልጅ ነው ሲሉት አዋቂ የሚሆን ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። ከ1986 እስከ 1990 ሲቢኤስ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የልጆች ፕሮግራም ነበረው።

ፊልሙን የሠራው ማት ዎልፍ ነው። በ2025 ኤችቢኦ በሚባለው ጣቢያ ታየ። ተቺዎች ወደዱት፣ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም አገኘ። ብዙ የጻፉት በዳይሬክተሩና በባለታሪኩ መሀል ስላለው ግብግብ ነው። ሩበንስ ካሜራ ፊት ተቀምጦ 40 ሰዓት ያህል አውርቷል። በወጣትነቱ ከወንድ ጋር በግልጽ ይኖር እንደነበር፣ ለሥራው ሲል ግን ያንን እንደደበቀ ሳይቀር ይናገራል። እያወራም ግን ፊልሙን ራሱ መምራት እንደሚፈልግ እየጠቀሰ ዳይሬክተሩን ይሞግተዋል።

ባልደረቦቼን ያስደነገጣቸው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ካንሰር ነበረበት። ስድስት ዓመት ለሕዝብ ሳይናገር ኖረ። ያን ሁሉ ሰዓት ሲቀርጸው የነበረው ዎልፍ እንኳ አያውቅም ነበር። ሩበንስ ጁላይ 30 ቀን 2023 በ70 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ዳይሬክተሩም እንደማንኛውም ሰው ከዜና ሰማ።

«እንዴት ሰው ይህን ይደብቃል? ማን እንዲህ ያደርጋል?» አሉኝ።

«እኛ» አልኳቸው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያንና ታማሚዎች የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። አባቴ ሲታመም የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም ነበር። ስደውል «ጉንፋን ይዞት ነው» ይሉኛል። በሌላ ቀን «ተኝቷል»፣ በሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል»። አባቴ ስልክ እያለ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ስጨቀጭቃቸው እናቴ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኛ ደህና ነን» ትለኛለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የቁርስ ትሪ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስሄድ አንዲት ፈረንጅ ባልደረባዬ አስቆመችኝና አቀፈችኝ። «ስለ አባትሽ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። የቱ አባት? ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የአክስቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የአባቴን ፎቶ ለጥፏል። ከሥር «ነፍስ ይማር» የሚለው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተደርድሯል። ቀብሩ ሰኞ ነበር። ትሪው ላይ የነበረው ኦትሚል፣ የአጃ ገንፎው፣ እጄ ላይ ፈሰሰ። የሁለት ቁጥር ክፍሏ ሴትዮ ቁርሷ ዘገየ ብላ ደወሉን ትጫናለች።

ለካ የማኅበራችን ሰዎች መርዶውን ሊነግሩኝ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት በሬን ሊያንኳኩ ተነጋግረው ነበር። ዓርብ ድርብ ሽፍት ስላለብኝ ሥራዬን እንድጨርስ ብለው ነው። ያሰቡልኝ በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ሰው እያየኝ፣ የአባቴን ሞት ከማያውቀው ሰው ሰማሁ። ያ ውርደት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ተቺዎቹ የሩበንስን ዝምታ ታሪኩን በእጁ ለመያዝ ከነበረው ፍላጎት ጋር ያያይዙታል። ልክ ሊሆን ይችላል። በ1991 ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ ላይ በአዋቂዎች ሲኒማ ቤት ተይዞ ስሙ ሲጠፋ ያየ ሰው ገመናውን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ጽሑፎቻቸውን ሳነብ ስለዚያኛው ወገን የሚበቃኝን ያህል አላገኘሁም። የተደበቀበት ሰውስ? ዎልፍ ያን ሁሉ ጊዜ አብሮት ተቀምጦ የመሰናበት ዕድል አላገኘም።

ፈረንጅም በግልጽ መናገሩን ያበዛዋል። እኔ በምሠራበት ቤት ሐኪሙ ለታማሚው ፊት ለፊት «ጥቂት ወር ነው የቀረህ» ብሎት ይወጣል። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ቢንጎ ይጫወታል። መጀመሪያ ሳይ ጭካኔ መሰለኝ። በኋላ ግን ልጆቹ ከካሊፎርኒያም ከቴክሳስም መጥተው እጁን ይዘው ሲያወሩት አየሁ። ቀናሁባቸው።

ሩበንስ በሞተበት ዋዜማ ለብቻው ድምፁን ቀድቷል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይሰማል። እውነተኛ ማንነቱ እንዲታወቅለት እንደሚፈልግ፣ ያልሆነውን ነው መባሉ እንዴት እንዳሳመመው ይናገራል። እዚያ ላይ አለቀስኩ። አባቴ ለእኔ ምን ሊል ይፈልግ እንደነበር የሚነግረኝ ድምፅ የለኝም።

ለመውጣት የምታስቡ እህት ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ቪዛና ስለ ደሞዝ ነው የምትጠይቁኝ። ይህንንም ስሙኝ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ጉዳያችሁ ሳያልቅ አገር ቤት ከሄዳችሁ ጉዳዩ ይበላሻል። ቤተሰብም የሚደብቀው «መምጣት ለማትችል ልጅ ለምን ጭንቀት እንላክባት» እያለ ነው። ስለዚህ ሳትሄዱ ከቤት አንድ ሰው ምረጡ። የማይዋሽ፣ የእናታችሁን ቁጣ የማይፈራ ይሁን። ሲታመሙ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ፣ ለታማሚው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዲይዝለት አስምሉት። እኔ ታናሽ እህቴን አስምያታለሁ። ባለፈው የእናቴን የስኳር ምርመራ ውጤት ስትልክልኝ እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈቻት። ታኩርፍ።