ባለ 29 ጎማ እንጦጦ ላይ ይፈጥናል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ በባለ 29 ኢንች ጎማ የተራራ ብስክሌት ወርቁን ሲወስድ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቀደመው ስዊዘርላንዳዊ ኒኖ ሹርተር የነዳው ባለ 27.5 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ ሹርተር ሲያሸንፍ እርሱም ወደ 29 ዞሮ ነበር። ይህ ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን የእነርሱ ጉልበት የእኔ አይደለም፣ መንገዳቸውም እንጦጦ አይደለም። ስለዚህ በራሴ እግር ልፈትነው ወሰንኩ።

የእኔ ብስክሌት ባለ 26 ነው፤ ባለ 29ኙን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ከሁሉ በላይ የተጨነቅኩት ሁለቱን ለማመሳሰል ነው። የአንዱ ጎማ ለስላሳ፣ የሌላው ጥርሳም ከሆነ ፍጥነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ሁለቱም ላይ ጥርሱና ስፋቱ አንድ የሆነ ጎማ አስገጠምኩ፤ ነፋሱንም በመለኪያ እኩል አደረግኩ። ልፋቴ እንዳይለያይ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አሰርኩ። መንገዱንም ከፋፍዬ የየክፍሉን ሰዓት ለየብቻ ያዝኩ፤ ጠቅላላው ሰዓት ብቻውን ቢያዝ አንዱ ክፍል ያተረፈውን ሌላው ይበላውና እውነቱ ይደበቃል።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም። በባሕር ዛፉ መካከል ባለው ድንጋያማ መንገድ ግን ባለ 29ኙ ያለ ጥርጥር ቀደመ። ምክንያቱን ወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል፦ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ድንጋይ ባለ 26ቱ ወደ 32 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ሲገጥመው፣ ባለ 29ኙ በ30 ገደማ ይወጣዋል። ሁለት ዲግሪ የማትሞላ ልዩነት ናት፤ ነገር ግን በየድንጋዩ ትደጋገማለች፣ እያንዳንዱ ግጭትም ከፍጥነት ላይ ይቀንሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ የባከነ ጉልበት በቀላሉ አይመለስም።

ጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች መንገድ መልቀቅ ግድ ነው፤ መልቀቅም ይገባል። ቆመው በተነሱ ቁጥር ትልቁ ጎማ ይዘገያል፤ ክብደቱ ከመሐሉ ርቆ ቸርኬው ላይ ስለሚያርፍ ለማሽከርከር ይከብዳል። ትንሹ ግን ወዲያው ይታዘዛል።

በጣም የጠቀመኝ ትምህርት የመጣው ከነፋሱ ነው። የባለ 26ቱን ነፋስ ትንሽ ስቀንስ ድንጋዩ ላይ የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ ያውም ያለ ምንም ወጪ። መቀነሱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ካመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ስለዚህ ደህና ባለ 26 ያለው ሰው ለፍጥነት ብሎ አይሽጠው፤ በመጀመሪያ ነፋሱን ያስተካክል። አዲስ ለሚገዛ ግን ያለ ማመንታት 29 እላለሁ። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ከመግዛቱ በፊት ቁልቁለት ላይ ይሞክረው፤ ሰውነቱን ወደ ኋላ ሲያሸሽ የኋላው ጎማ ሊነካው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 የተገጠመላቸው ብስክሌቶች አሉ።