በተገለበጠ ሌንስ የሎሚውን አባጨጓሬ እንዴት እንዳነሳሁት

ቢሾፍቱ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ያለው ሎሚ ክረምቱ አልፎ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ቢራቢሮ አይለየውም። የሚመጡት ጥቁር ክንፋቸው ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የተረጨባቸው ትልልቆቹ ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስማቸው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። እንቁላላቸውን አንድ አንድ እያደረጉ ለጋው ቅጠል ላይ ይጥላሉ። አንድ ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ላይ ያየሁትን የወፍ ኩስ በጣቴ ላራግፍ ስል ኩሱ ተንቀሳቀሰ። አባጨጓሬ ነበር። ገና ትንሽ ሳለ ወፎች እንዳይለቅሙት ኩስ መስሎ ነው የሚኖረው። ያንን ማስመሰል በቅርብ አይቼ ለሰው ማሳየት ፈለግሁ።

ያለኝ አሮጌ ካኖን ካሜራና አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ ሌንሱ ከሰፊ እይታ (18) ወደ ጠባብ እይታ (55) የሚዞርባቸው ሚሊ ሜትሮች ናቸው። ጥቃቅን ነገር በቅርብ ለማንሳት የተሠራውን ማክሮ ሌንስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። የኔ ሌንስ ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች ከቀረበ አያጠራም፤ በዚያ ርቀት እንኳ ነገሩን ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን በሚቀበለው ሰሌዳ ላይ፣ የሚያሳርፈው የእውነተኛ መጠኑን ሲሶ ያህል አድርጎ ነው። የኔ ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር የማይሞላው አባጨጓሬ ከዚያ ውስጥ ሁለቷን እንኳ አይይዝም። ፎቶውን ቆርጬ ሳሳድገው ብዥ ያለ ነጥብ ሆነብኝ።

መፍትሔው ሌንሱን መገልበጥ ሆነ። ሌንስ በተለመደው አኳኋን ትልቁን ነገር አሳንሶ ሴንሰሩ ላይ ያስገባል፤ ፊቱን ወደ ካሜራው፣ ጀርባውን ወደ ነፍሳቱ ብታዞሩት ደግሞ ትንሹን ያሳድጋል። መጀመሪያ ያደረግሁት ሌንሱን ነቅዬ፣ ገልብጬ፣ በእጄ ካሜራው አፍ ላይ ደግፌ ማንሳት ነበር። ይሠራል። ነገር ግን ቢሾፍቱ ነፋስ አለ፤ ነፋሱ ደግሞ አቧራ ይዞ ይመጣል። በሦስት ቀን ውስጥ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠው አቧራ በየፎቶው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታይ ጀመር፤ ለማስጠረግ ገንዘብ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ዱባይ የምትሠራው እህቴ መገልበጫ ቀለበት ይዛልኝ መጣች። አንዱ ወገኑ ካሜራው ላይ ይጠመዳል፤ ሌላው ወገኑ ፊልተር በሚታሰርበት የሌንሱ ጥርስ ላይ ይጠበቃል። የኔ ሌንስ ጥርስ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ፊቱ ላይ ታገኙታላችሁ። ሳታዩ እንዳትገዙ።

ምን ያህል እንደሚያሳድግ ያወቅሁት ማስመሪያ በማንሳት ነው። ሌንሱ 55 ላይ ሲሆን በፎቶው ውስጥ የገባው የማስመሪያው ክፍል ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። 18 ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀረ። ሲገለበጥ ነገሩ ሁሉ ተቃራኒ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነፍሳቱ ያድጋል። እኔ ጓጉቼ በ18 ጀመርኩና ግማሽ ቀን ሙሉ ቅጠሉን ራሱን ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ። በ55 ጀምሩ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበት የሌንሱ ቀዳዳ ነው። የተገለበጠ ሌንስ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም፤ ስለዚህ አፐርቸሩ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ከአባጨጓሬውም የሚጠራው አንዲት መስመር ብቻ ይሆናል። በካኖን ዘዴ አለው። ሌንሱን በደንቡ ትገጥሙና አፐርቸሩን ኤፍ 8 ላይ ታደርጉታላችሁ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ከዚያ ካሜራው ላይ ከሌንሱ ሥር ያለችውን የጥራት ማሳያ (depth of field preview) ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ ካሜራው እንደበራ ሌንሱን ትነቅላላችሁ። አፐርቸሩ እንደጠበበ ይቀራል። እኔ ይበልጥ ይጠራልኝ ብዬ ኤፍ 16 ድረስ አጠበብኩት፤ ፎቶው ሁሉ ፈዘዘ። በዚህ ማጉላት ላይ ብርሃን በጣም በጠበበ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፣ የሚያመጣው ጥራትም ይጠፋል። አሁን ከ8 አልርቅም።

የጠበበ አፐርቸር ብርሃን ይፈልጋል። የካሜራው ፍላሽ ከላይ ሲበራ፣ ሌንሱ ከነፍሳቱ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚደርስ፣ የራሱ የሌንሱ ጥላ አባጨጓሬው ላይ ይወድቃል። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚያወርድ ጣራ ሠራሁለት። ጀሪካኑ ቢጫ ነበርና አረንጓዴው ቅጠል ሁሉ የደረቀ መሰለ። በነጭ ወረቀት ተካሁት፤ ከላይና ከጎን ውስጡን በወጥ ቤት ፎይል ለበጥኩት፣ ብርሃኑ በወረቀቱ በኩል እንዲወጣ። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ይልቅ ፎቶዬን የለወጠው ይህ የወረቀት ጣራ ነው።

ፎከስ የሚባለውን ቀለበት እርሱት። የሚያጠራው የራሳችሁ ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ነው። ትራይፖድ ሞከርኩ፤ ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ምንም አልጠቀመኝም። የሠራልኝ ቀንበጡን በግራ እጄ ጣቶች ይዤ፣ ሌንሱን በዚያው እጅ ላይ ማሳረፍ ነበር። ቅጠሉ ሲነቃነቅ ካሜራውም አብሮት ይነቃነቃል፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ግን ቀንበጡን ስትይዙ ተጠንቀቁ። ኩስ መስሎ የነበረው አባጨጓሬ ካደገ በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። አንዱን ቅጠሉን ጠበቅ አድርጌ ስይዝበት ከጭንቅላቱ ጀርባ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ አወጣብኝ፤ የሚሰነፍጥ ሽታም ከእሱ ጋር። ጠላት ሲመጣበት የሚያወጣው መከላከያው ነው። ሰዎች ያንን ቀንድ ለማንሳት ሆን ብለው ይነካኩታል። እኔ ደግሜ አላደረግሁትም፤ በፍርሃቱ ያገኘሁትን ፎቶ ወደድኩት ማለት አልችልም። ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ ከትቶ በብርድ ማደንዘዝንም እንዲሁ አላደርገውም። ብርዱ በራሱ ይመጣል። በኅዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ብትወጡ ንቡም ፌንጣውም ጤዛ ለብሶ፣ ሰውነቱ እስኪሞቅ ባለበት ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ቅጠሉን እስክትነካ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።

እማዬ መጀመሪያ "ሎሚዬን ጨረሱት" ብላ ልትለቅማቸው ነበር። ፎቶውን በኮምፒውተር ከፍቼ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና፣ "በል የታችኛውን ቅርንጫፍ ተውላቸው" አለችኝ።

ከተተውት አንዱ ከግንዱ አጠገብ ወገቡን በሐር ክር አስሮ፣ ቆዳውን ጥሎ፣ የተጠቀለለ ቅጠል መሰለ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየጠዋቱ ሄጄ አየሁት። ቢራቢሮ ሆኖ የወጣ ቀን ክንፉ እስኪዘረጋና እስኪደርቅ ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌንሱን ሳልፈራ 18 ላይ አደረግሁት። ልጆች ሆነን ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ ዱቄት ይቀር ነበር። ያ ዱቄት ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ አየሁት፦ እንደ ሣር ክዳን አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ጥቁሩ ካለቀበት ቢጫው የሚጀምር ቅርፊት። አርባ ያህል አነሳሁ፤ አራቱ ጠርተዋል። አንደኛው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል።