35 ወይስ 28? ለፉል ፍሬም ሰፋ ያለ ሌንስ ስትመርጡ

ለፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ የፊልም ክፈፍ ያህል ለሆነ ካሜራ፣ ዙም የሌለው፣ መጠነኛ ስፋት ያለው ሌንስ ከፈለጋችሁ ምርጫው 28 ወይም 35 ሚሜ ነው። 28ቱ 75 ዲግሪ ገደማ ያያል፣ 35ቱ 63። ጠባብ ሳሎን ውስጥ 28 ይገላግላል፤ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ግን ፊቱ ይለጠጣል። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ 35 ይሻላል።

ኤፍ የሌንሱ የብርሃን መክፈቻ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል። ኤፍ 1.4 ከኤፍ 1.8 የሚበልጠው በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ብቻ ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ ይጨምራል)። የሶኒው 35 ኤፍ 1.8 ክብደቱ 280 ግራም፣ የሶኒው ከፍተኛ ደረጃ ሌንስ ጂ ማስተሩ 35 ኤፍ 1.4 ደግሞ 524፤ ሰርግ ሲቀርጽ ለሚውል ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ያገለገለ ስትገዙ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት በኤፍ 2.8 አንሱ። አራቱን ማዕዘኖች አጉልታችሁ እዩ። አንዱ ከደበዘዘ ካሜራው ዘሞ ሊሆን ይችላል፤ አስተካክላችሁ ድገሙ። ያው ማዕዘን እንደገና ከደበዘዘ የውስጡ መስታወት ከመሀል ሸሽቷል፣ አትግዙት።