በካልተን ኮረብታ ላይ የተለኮሰው እሳት

በታኅሣሥ ወር በስኮትላንዷ ከተማ በኤድንብራ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ትጠልቃለች። በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ የጀመርኩት በዚያ ወር ነበር፤ በጨለማ ገብቼ በጨለማ እወጣለሁ። የዚህ አገር ሰው ጸደይን እንደ ዘመድ የሚናፍቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሚያዝያ 22 ማታ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ካልተን ኮረብታ ወሰደችኝ። በዓሉ ቤልቴን ይባላል፤ ኬልቶች የሚባሉት የዚያ አካባቢ ጥንታዊ ሕዝቦች ከክርስትና በፊት ያከብሩት የነበረ በዓል ሲሆን፣ በዚህ ኮረብታ እንደ አዲስ መከበር የጀመረው በፈረንጆች 1988 ነው። እርሷ ቀይ ቀለም ከተቀቡት ጨፋሪዎች አንዷ ናት። ቀለሙ አንገቷ ላይ ደርቆ፣ በተናገረች ቁጥር ይሰነጣጠቃል።

በጥንት ጊዜ ከብቱን ወደ በጋው ግጦሽ ከማውጣታቸው በፊት ከበሽታ እንዲጠበቅ በሁለት እሳት መካከል ይነዱት ነበር። የየቤቱ ምድጃ ይጠፋና ሁሉም ከዚያው ከበዓሉ እሳት ይወስዳል። የእኛ አገር እናቶች ገል ይዘው "እሳት ልጫር" እያሉ ጎረቤት የሚሄዱት ታወሰኝ። እዚያ ግን መንደሩ በሙሉ በአንድ ሌሊት እሳት ይጭር ነበር።

በኮረብታው ላይ ከሚታየው ትርኢት ከሁሉ ልቤን የነካው "አረንጓዴው ሰው" የሚሉት ገጸ ባሕርይ ነው። የብርዱን ወራት ልብስ እንደለበሰ ጸደይን የምትወክለውን የሜይ ንግሥትን ሊነካ ይደፍራል፤ ይገደላል። ከዚያ ያ ሁሉ ልብስ ከላዩ ይገፈፍና አረንጓዴ ሆኖ ይነሣል፤ ንግሥቲቱም ትቀበለዋለች። ብርዱን እንደ ጠላት አሳደው አያባርሩትም። የሞተውም የተነሣውም ያው አንድ ሰው ነው። ለእኔ የበዓሉ ነፍስ እዚህ ላይ ናት፤ ከበሮውና ችቦው አጃቢ ነው።

በማግስቱ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው አንዲት እናት ወሬውን ሰምተው ኖሮ፣ "ልጄ፣ ያንን እሳት ማን ባረከው?" አሉኝ። ማንም እንዳልባረከው፣ እኔም እንዳልሰገድኩለት ነገርኳቸው። ሰው ከጨለማ ሲወጣ የሚሰማውን ደስታ ግን እዚያ አይቻለሁ፤ ይህንንም አልደበቅኳቸውም። ዝም ብለው አዩኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከዚያም ወዲህ ሄጃለሁ። በ2016 ግን ዕለቱ በሰሙነ ሕማማት ስለዋለ ቀረሁ፤ ባልደረባዬም ምክንያቱን ስነግራት አልተቀየመችኝም።